ደረጃው ሳይለካ ሴራሚኩ አይነጠፍ

ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ሆና ከጤና ኬላው ደጃፍ ስትደርስ፣ የተሸከሟት ሰዎች ዐይን ከበሩ እንጂ ከእግራቸው ሥር አይሆንም። ከፊት ያሉት ደረጃውን የሚወጡት በግምት ነው። ከኋላ ያሉት ደግሞ ቃሬዛው ስለሚጋርዳቸው መርገጫውን ጭራሽ አያዩትም። እግር ግን አንድ ጊዜ የረገጠውን ከፍታ ያስታውሳል። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ሆነው ሦስተኛው 19 ቢሆን፣ ያች የ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ተሸካሚውን ታደናቅፋለች። በዚህ ላይ ዝናብ ከተኛበትና ንጣፉ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ከሆነ፣ አደጋው ሩቅ አይደለም።

በየገጠሩ የጤና ኬላ፣ የትምህርት ቤት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ተሠርቶ ሲያበቃ፣ ደጃፉ እንዲያምር በማሰብ ደረጃውን ሴራሚክ ማልበስ እየተለመደ መጥቷል። አሳቡ መልካም ነው። ሕዝቡ በጉልበቱና በገንዘቡ ያቆመውን ቤት አሳምሮ ማየት መፈለጉ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይሆንም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው፣ አንድ ወይም ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ጠርዙ ተሸርፎ፣ መሐሉ ተሰንጥቆ፣ ከፊሉም ተነሥቶ መውደቁ ነው። ያን ጊዜ ግንበኛው ሴራሚኩን ይወቅሳል፤ ሴራሚክ ሻጩ ግንበኛውን ይወቅሳል፤ ሕዝቡ ደግሞ መሪዎቹን ይወቅሳል።

የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት ከተቋቋሙ ወዲህ በአባሎቻቸው ጉልበት ብዙ ትምህርት ቤቶችን፣ ክሊኒኮችንና መንገዶችን ሠርተዋል። ዛሬ በብዙ ቦታ ስሙ የገጠር ቀበሌ ቢባልም፣ ሕዝቡ አሁንም ገበሬ ማኅበር ብሎ ይጠራዋል፤ ከመሪዎቹም የሚጠብቀው ያንኑ ኃላፊነት ነው። ስለሆነም መሪዎች ግንበኛ መሆን ባይጠበቅባቸውም፣ የተሠራው ሥራ ከመሸፈኑ በፊት ምን መመልከት እንዳለባቸው ማወቅ ይገባቸዋል። ምክንያቱም ሴራሚክ አንድ ጊዜ ከተነጠፈ በኋላ ከሥሩ ያለውን ጉድለት ማየት አይቻልም፤ ማስተካከልም የሚቻለው በማፍረስ ብቻ ነው።

ጉዳቱ ከሥር ነው የሚመጣው

ሴራሚክ ጠንካራ ነገር ነው፤ ነገር ግን አይተጣጠፍም። ከሥሩ ያለው ነገር ትንሽ እንኳ ቢሰምጥ ወይም ቢያብጥ ይሰነጠቃል እንጂ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ የውጭ ደረጃን ለንጣፍ ማዘጋጀት ማለት ከሁሉ በፊት ከሥሩ ያለውን መሬት ማወቅ ማለት ነው።

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎቻችን በሰፊው የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በዚህ ረገድ ዋነኛው ጠላት ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ማንኛውም ገበሬ ይህን ከማሳው ያውቀዋል። ከማሳው ላይ ስንጥቁን እያየ ከደጃፉ ሥር ያለው ግን ያው አፈር መሆኑን የሚዘነጋ ብዙ ነው። በመረሬ ላይ በቀጥታ የተገነባ ደረጃ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተገናኘበት ቦታም ይለያያል።

መፍትሔው መረሬውን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሮ ማውጣትና በምትኩ ገረጋንቲ መሙላት ነው። ገረጋንቲውም በአንድ ጊዜ ተገልብጦ መተው የለበትም። በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየተደለደለ፣ በመጠኑ ውሃ እየተረጨበት፣ በእንጨት መጠቅጠቂያ ተረግጦ መጠንከር ይኖርበታል። ከዚያ በላይ ደረቅ ድንጋይ በጥብቅ ይደለደልና ኮንክሪቱ ይፈሰስበታል። ቀይ አፈር ባለበት ቦታ ችግሩ የቀለለ ቢሆንም፣ ሥር ያለውና በቅርብ የተሞላው ልል አፈር መነሣቱ አይቀሬ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ከላይ የሚመጣው ውሃ ነው። የብዙዎቹ ቤቶች ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ አሸንዳ ከሌለው ክረምቱን ሙሉ የሚወርደው ጠፈጠፍ ከደረጃው ላይ ያርፋል። ይህ ውሃ በሴራሚኩ መገጣጠሚያ ውስጥ ሰርጎ የታችኛውን ልስን ያላቅቃል። በመሆኑም ደረጃውን ለማሳመር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሶ በመጀመሪያ አሸንዳ ማሰቀል፣ ከደረጃው ግራና ቀኝም የውሃ መውረጃ ቦይ ማውጣት ይቀድማል።

የእርከኑ ልክ ለደረጃውም ይሠራል

ደረጃን ማስተካከል ለገበሬው እንግዳ ሙያ አይደለም። በየዓመቱ ከጥር ወር ጀምሮ በሚካሄደው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ላይ የተሳተፈ ሰው ሁሉ፣ በሁለት እንጨት መካከል 10 ሜትር ሲባጎ ወጥሮ፣ መሐሉ ላይ ትንሿን ውሃ ልክ አንጠልጥሎ የእርከን መስመር ማውጣትን ያውቃል። በኮንሶ የሚገኙት በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የድንጋይ እርከኖችም የሚመሰክሩት፣ የአገራችን ገበሬ ድንጋይን ከውሃ ጋር አስማምቶ መደርደርን ከብዙ ትውልድ በፊት ማወቁን ነው።

ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። እርከን ውሃን ይይዛል፤ ደረጃ ግን ውሃን መሸኘት አለበት። ዝናብ በሚያጥርበት አካባቢ የእርከኑ መስመር ፍጹም የተስተካከለ እንዲሆን የሚፈለገው ውሃው እዚያው እንዲሰርግ ነው። ከደረጃ ላይ ግን የተኛ ውሃ ያንሸራትታል፤ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ደጋ አገር ደግሞ ወደ ስንጥቅ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ሴራሚኩን ያነሣዋል። ስለዚህ የደረጃ ልክ ሁለት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ፍጹም የተስተካከለ፣ ከግድግዳው ወደ ፊት ደግሞ ጥቂት ያዘመመ መሆን አለበት።

ለዚህ ሥራ ለእርከን የምንጠቀምበት የሲባጎ ውሃ ልክ ብቻውን አይበቃም፤ በአጭር ርቀት ላይ ጥቃቅን ልዩነትን አያሳይምና። ከሁሉ የሚሻለውና ርካሹ መሣሪያ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። 10 ሜትር ያህል ቱቦ በውሃ ይሞላል፤ በውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር በጥንቃቄ ይታያል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ሲያዙ ውሃው እኩል መቆሙ ይረጋገጣል። አንዱን ጫፍ ከአንዱ ችካል፣ ሁለተኛውን ከሌላው ችካል ጋር አስጠግቶ ውሃው ከቆመበት ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ውሃ አይዋሽም፤ ሁለቱ ምልክቶች በእርግጥ እኩል ናቸው።

ማእዘኑን ለማስተካከል ደግሞ ስኳድራ ባይኖርም ሲባጎና ሜትር ይበቃል። ከማእዘኑ ጀምሮ በአንዱ በኩል 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው በኩል 80 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው። ርቀቱ 1 ሜትር ከሆነ ማእዘኑ ትክክል ነው። ካነሰ ወይም ከበለጠ ደረጃው ጠማማ ነው ማለት ስለሆነ፣ ሴራሚኩ ሲነጠፍ በዳር በኩል እየጠበበ የሚሄድ ቁራጭ ይገባበታል።

ከፍታውን ማካፈል

ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ደረጃ የሚለካው ከኮንክሪቱ ሳይሆን ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ከሚረገጠው ፊት ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

ከደጃፉ መሬት እስከ ቤቱ ውስጥ ወለል ያለው ከፍታ 49 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ከዚህ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር የበሩ መድረክ ከበረንዳው ከፍ እንዲልና ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይተዋል። ሌላ 2 ሳንቲ ሜትር ደግሞ በረንዳው ከግድግዳው ወደ ፊት ለሚያዘምምበት ይያዛል። የቀረው 45 ሳንቲ ሜትር ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ሸክም ለያዘ ሰው ከ15 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ያለው ከፍታ ተስማሚ ነው። መርገጫውም ከ30 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል።

እንግዲህ ሴራሚኩና የሚጣበቅበት ሲሚንቶ አንድ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው፣ ኮንክሪቱ ከመሬት ላይ የሚቆመው በ13፣ በ28 እና በ43 ሳንቲ ሜትር ነው እንጂ በ15፣ በ30 እና በ45 አይደለም። ይህን ያላሰበ ግንበኛ ኮንክሪቱን በ15፣ በ30 እና በ45 ቢያቆመው፣ ንጣፉ ሲጨመር የመጀመሪያው ደረጃ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቀሪዎቹ ግን 15 እንደሆኑ ይቀራሉ። በረንዳውም በ2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል ከበሩ መድረክ ጋር እኩል ይሆንና የክረምቱ ውሃ ወደ ክፍሉ ይገባል። ስለሆነም ሴራሚኩ አስቀድሞ ተገዝቶ ውፍረቱ በእጅ ተይዞ ሳይለካ፣ ለኮንክሪቱ ጣውላና ሞራሌ መመታት የለበትም።

ከፍታው በሙሉ የሚለካው ከየደረጃው የፊት ጠርዝ ላይ ነው። በአንድ ደረጃና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር መብለጥ አይገባውም።

ወደ ፊት ማዝመም

ለውጭ ደረጃ የሚያስፈልገው ዘመም በአንድ ሜትር ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። በምሳሌያችን ላይ በረንዳው ከግድግዳው እስከ ፊቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከኋላ ወደ ፊት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው መርገጫ ደግሞ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከዚህ ካነሰ ውሃው ይተኛል፤ ከዚህ በጣም ከበዛ ደግሞ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ይህን ለመሥራት አስቸጋሪ አይደለም። ትክክለኛ ውፍረት ያለው ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ከውሃ ልኩ የፊት ጫፍ ሥር ይደረጋል። ለምሳሌ የ60 ሳንቲ ሜትር ውሃ ልክ ካለ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ከፊቱ ሥር ሲገባ አረፋው መሐል ላይ ከቆመ፣ ዘመሙ በሜትር 1.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኗል ማለት ነው። ቁራጯን በሲባጎ ከውሃ ልኩ ጋር አስሮ መሥራት ሥራውን ያፋጥናል።

አሮጌ ደረጃ ከሆነ

ሁልጊዜ አዲስ ደረጃ አይሠራም። ቀድሞ በሊሾ ወይም በድንጋይ የተሠራውን አስተካክሎ ሴራሚክ ማልበስ የሚፈለግበት ጊዜ ይበዛል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ አሮጌውን መፈተሽ ነው። በመዶሻ እጀታ ወይም በትንሽ ብረት እየተንኳኳ ድምፁ ይሰማል። ድምፁ ድፍን ከሆነ ሥሩ ይዟል፤ እንደ ባዶ እንስራ የሚጮህ ከሆነ ግን ከሥሩ ለቋል ማለት ነውና ያ ክፍል በመሮና በመዶሻ መነሣት አለበት። በላዩ ላይ አዲስ ልስን መለሰን በሽተኛን ካባ እንደ ማልበስ ይቆጠራል።

የቀረውም ቢሆን ለስላሳ ሊሾ እንዳለ ሲሚንቶ አይዝም። ፊቱ በሙሉ በመሮ እየተነቀሰ መሻከር አለበት። ከዚያም አቧራው በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ጭቃ፣ ዘይትና ሻጋታ ካለ ይታጠባል። ሌሊቱን ውሃ እንዲጠጣ ይደረግና ጧት ላይ የተኛው ውሃ ይጠረጋል። ከዚያ ሲሚንቶ ብቻውን እንደ ሙቅ በውሃ ተበጥብጦ በብሩሽ ይቀባል፤ ሳይደርቅ ወዲያውኑ ማስተካከያው ልስን ይለሰናል። የተቀባው ሲሚንቶ ደርቆ ከቆየ ግን እንደ ዱቄት ሆኖ ስለሚለያይ፣ ባይቀባ ይሻል ነበር።

ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ደረጃው እንዲጣበቅ ማድረግ ስሕተት ነው። ቤቱና ደረጃው እኩል አይሰምጡም። በመካከላቸው ወደ 1 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ትቶ በሚለጠጥ ማሸጊያ መዝጋት ሁለቱም ሳይጎዳዱ እንዲኖሩ ያደርጋል።

አሸዋው፣ ሲሚንቶውና ውሃው

የአሸዋ ጥራት በዐይን ብቻ አይታወቅም። ውስጡ በሚታይ ጠርሙስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ጨምሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ በደንብ ናጥ ናጥ አድርጎ ለጥቂት ሰዓታት ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፤ ጭቃው ከላይ ይረጋል። የጭቃው ውፍረት ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ሳይታጠብ ለሥራው አይሆንም።

ማስተካከያው ልስን አንድ እጅ ሲሚንቶና አራት እጅ አሸዋ ይሆናል። በአካፋ እየገመቱ መቀላቀል ግን አንዱን ቦታ ጠንካራ፣ ሌላውን ደካማ ያደርገዋል። ውስጡ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 18 ቁመት ያለው ሳጥን በጣውላ ቢሠራ 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም 50 ኪሎ ከሚመዝን የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ መጠን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ አራት ሳጥን አሸዋ ማለት ነው። ውሃው መብዛት የለበትም። የተቀላቀለው በእጅ ሲጨበጥ ክብ ሆኖ ከቆመና ውሃ ካልጠፈጠፈ ልኩ ያ ነው።

የልስኑ ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጉድጓዱ ከዚህ የጠለቀ ከሆነ በልስን መሙላት ሳይሆን አስቀድሞ ጠጠር ባለው ኮንክሪት መሙላት ያስፈልጋል። በላይኛው ምሳሌ ላይ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ ሁለት መርገጫና አንድ በረንዳ አለ እንበል። የሚረገጠው ክፍል 3.6 ካሬ ሜትር ነው፤ ቁመቱ ሲጨመር 4.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለሚረገጠው ክፍል 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ልስን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ሴራሚኩም ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው ታስቦ 5 ካሬ ሜትር ቢገዛ በቂ ነው። ይህን ሒሳብ በእጁ የያዘ መሪ፣ 10 ከረጢት ሲሚንቶ ያስፈልጋል ሲባል ለምን ብሎ መጠየቅ ይችላል።

የልስኑ ፊት በመስተዋት ልክ መለስለስ የለበትም። በእንጨት ማለስለሻ ተስተካክሎ ሻካራ ሆኖ መቅረቱ ሴራሚኩን ለመያዝ ይረዳዋል። ቀጥ ያለ የ2 ሜትር ጣውላ ሲጋደምበት ከሥሩ የሚታየው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ልስኑ ካለቀ በኋላ ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ውሃ ሳይለየው በመቆየቱ ነው። በእርጥብ ከረጢት ወይም በገለባ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀናት ጧትና ማታ ውሃ ሊጠጣ ይገባል። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ፖዞላና ያለበት ሲሚንቶ ቀስ ብሎ የሚጠነክር በመሆኑ ቀኑ ቢጨመርለት እንጂ ባይቀነስለት ይመረጣል። ከዚያም ሴራሚክ ሳይነጠፍ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። ለዚህ ሥራ ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ወራት ተስማሚ ነው። ውርጭ ባለበት አካባቢ ግን ሌሊት ሌሊት ሥራውን በገለባ መሸፈን አይዘንጋ።

ምን ዓይነት ንጣፍ?

የውስጥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ለውጭ ደረጃ አይሆንም። ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ውሃም ስለሚጠጣ በውርጭ ይሰነጠቃል። መመረጥ ያለበት ፊቱ ሻካራ፣ ለውጭ ወለል የተሠራ ንጣፍ ነው። ሲገዛም ውሃ አፍስሶበት በጫማና በባዶ እግር ረግጦ መሞከር ነውር የለውም።

ሲነጠፍ ሲሚንቶው ወይም ማጣበቂያው ከሴራሚኩ ሥር ሙሉ በሙሉ መዳረስ አለበት። አንዳንድ ግንበኞች ለመቆጠብ ብለው በአምስት ቦታ ብቻ ጉብታ ሲሚንቶ አስቀምጠው ሴራሚኩን ይጫኑበታል። በዚህ ጊዜ ጠርዙ ባዶ ላይ ስለሚቀር፣ ከባድ ሸክም የያዘ ሰው ወይም የበቅሎ ኮቴ ሲያርፍበት ይሰበራል። በሴራሚኮቹ መካከልም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ በደንብ ይሞላል።

እዚህ ላይ መሪዎች በድፍረት ሊያነሡት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። እርግጥ ሴራሚክ ያስፈልገናልን? በአካባቢው ጥርብ ድንጋይ ካለና ጠራቢም ካለ፣ በትክክል የተለካ የድንጋይ ደረጃ አያንሸራትትም፣ ዕድሜውም ረዥም ነው፣ ገንዘቡም ከቀበሌው አይወጣም። በእርጥበቱ በመጥረጊያ ተጠርጎ ፊቱ የሻከረ ኮንክሪትም ያገለግላል። ሴራሚኩን ትቶ የተረፈውን ገንዘብ ከደረጃው ጎን ለሚሠራ መወጣጫ ማዋልም ይቻላል። ለ45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ቢሠራ በአንድ ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አካል ጉዳተኛው በጋሪው፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹም ያለ መደናቀፍ ይገቡበታል።

ሦስቱ ማቆሚያዎች

ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ አንድ መሪ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሊከታተል አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። ነገር ግን ሥራው ሦስት ጊዜ መቆም እንዳለበት ከግንበኛው ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል ይቻላል። ክፍያውም በዚያው ልክ ለሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ማቆሚያ ቁፋሮው አልቆ ድንጋይ ከመደልደሉ በፊት ነው። ኮሚቴው መጥቶ አፈሩን ያያል፤ መረሬው መውጣቱን፣ ገረጋንቲው መጠቅጠቁን ይመረምራል። የብረት ዘንግ ሲወጋበት በቀላሉ የሚገባ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

ሁለተኛው ማቆሚያ ልስኑ አልቆ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ነው። ከሦስቱ ዋነኛው ይህ ነው። ከፍታው ሁሉ በሜትር ይለካል፤ ጣውላው ይጋደማል፤ መዶሻው ይንኳኳል። በመጨረሻም አንድ ባልዲ ውሃ ከበሩ አጠገብ በቀስታ ይፈስሳል። ውሃው በሙሉ ወደ ፊት ወርዶ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተኛ ኩሬ ካልታየ ሥራው አልፏል። ወደ በሩ ወይም ወደ አንድ ጎን ከሄደ ግን ግንበኛው ያስተካክለዋል። በዚህ ጊዜ ማስተካከሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ግን ሁሉንም ማፍረስ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ማቆሚያ ንጣፉ አልቆ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነው። እያንዳንዱ ሴራሚክ በሳንቲም ይንኳኳል፤ የሚጮኸው ይነሣል። ባልዲው ውሃ እንደገና ይፈስሳል። ከዚያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ አንድ አረጋዊና እንስራ ያዘለች እናት በእርጥቡ ደረጃ ላይ ወጥተው እንዲወርዱ ይጠየቃሉ። ደረጃው የተሠራው ለእነርሱ ነውና ፍርዱም የእነርሱ ነው።

በእነዚህ ማቆሚያዎች ላይ አስተዋዩ ግንበኛ አይቀየምም። እንዲያውም ሥራው ከመሸፈኑ በፊት ስለታየለት ኋላ ከሚመጣ ወቀሳ ይድናል። የሚቀየም ቢኖር ሊሸፍነው የሚፈልገው ነገር ያለው ነው።

ሕዝቡ ገንዘብ ሲያዋጣ ፍየሉን ሸጦ፣ ከዘሩ ላይ ቀንሶ ነው። ጉልበቱንም የሰጠው ከእርሻው ላይ ቀንሶ ነው። ያ ገንዘብና ያ ጉልበት በሁለት ክረምት ተሸርፎ እንዳይወድቅ መጠበቅ የመሪ ድርሻ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ሜትር፣ ሲባጎ፣ ውሃ የሞላ ቱቦና አንድ ባልዲ ውሃ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሳይለካ አይሸፈንም ብሎ መቆም የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በደጃፉ ከቆመ፣ በሌሊት በዝናብ ቃሬዛ ተሸክመው የሚመጡት ሰዎች ዐይናቸውን ከበሩ ላይ ሳያነሡ ደረጃውን በሰላም ይወጣሉ።